ከተቆላፊ ፔዳል ወደ ጠፍጣፋ ፔዳል፦ በትራያልስ ብስክሌት ላይ እግርን እንደገና ስለ ማስተማር

ዐለት ወዳድ (ሸፊልድ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ጥያቄዬ ረዘም ያለ ስለሆነ በትዕግሥት እንድታነቡልኝ እጠይቃለሁ።

ብስክሌት መንዳት የጀመርኩት በአስፋልት መንገድ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል የተራራ ብስክሌት ነድቻለሁ፤ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ጫማዬ ከፔዳሉ ጋር ተቆልፎ ነበር። ለማያውቁት አንባቢዎች ለመግለጽ ያህል፣ ተቆላፊ ፔዳል የምለው ከጫማው ሥር በሁለት ብሎን የታሰረ ትንሽ ብረት በፔዳሉ ምንጋጋ ውስጥ ገብቶ የሚያዝበትንና ተረከዝ ወደ ውጭ ሲጠመዘዝ የሚለቀውን ዓይነት ነው። በእንግሊዝኛ «ክሊፕለስ»፣ ማለትም «መያዣ የሌለው» መባሉ ጀማሪን ግራ ያጋባል፤ ስሙ የወጣለት ግን ቀድሞ የእግር ጣትን ይይዝ የነበረው የብረት ማቀፊያና ጠፍር ስለ ቀረ ነው። የበረዶ መንሸራተቻ ማሰሪያ ይሠራ የነበረው የፈረንሳዩ ሉክ ኩባንያ ይህን ፔዳል ያወጣው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1984 ሲሆን፣ ፈረንሳዊው ብስክሌተኛ በርናር ኢኖ በማግሥቱ ዓመት የቱር ደ ፍራንስን ውድድር ያሸነፈው በእርሱ ነበር። ሺማኖ ደግሞ ለጭቃና ለእግር ጉዞ የሚመቸውን ኤስፒዲ በ1990 አመጣ። እኔም የለመድኩት ይህንኑ ኤስፒዲ ነው።

ባለፈው ዓመት ያገለገለ፣ ጎማው 26 ኢንች የሆነ የትራያልስ ብስክሌት ገዛሁ፤ ትራያልስ እግር መሬት ሳያስነኩ በብስክሌት በድንጋይና በመሰናክል ላይ የሚወጡበትና የሚዘሉበት ስፖርት ነው። ከከተማችን በስተ ምዕራብ ባለው የፒክ ዲስትሪክት ተራራማ ስፍራ ሻካራ የአሸዋ ድንጋይ ሞልቷል፤ ከአንዱ ድንጋይ ወደ ሌላው እየዘለሉ መሄድን ለመማር ከዚያ የተሻለ ቦታ የለኝም። ስህተቴ የነበረው የለመድኩትን ፔዳል ከተራራ ብስክሌቴ ፈትቼ በአዲሱ ላይ ማሰሬ ነው። አንድ ቀን ጉልበት በሚያህል ድንጋይ ላይ በኋላ ጎማ ብቻ ቆሜ ወደ ጎን ለመዝለል ስሞክር ሚዛኔ ወደ ኋላ ሄደ። ቀኝ እግሬ ወጣ፤ ግራው ግን አልወጣም። ብስክሌቱ እግሬ ላይ እንደተንጠለጠለ በእጄ ተደግፌ ወደቅሁ፣ የእጄ አንጓም ተሰበረ። ስድስት ሳምንት በጀሶ ቆየሁ።

ከዳንኩ በኋላ ጠፍጣፋ፣ ማለትም ጫማን የማይቆልፍ ፔዳል ገዝቼ አሰርኩ። አሁን የሚያስጨንቀኝ የሚከተለው ነው። በተቆላፊው ፔዳል ግማሽ ሜትር ያህል እዘል ነበር፤ በጠፍጣፋው ግን አንድ ጡብ ለመዝለል አልቻልኩም። ስዘል እግሬ ወደ ላይ ይሄዳል፣ ብስክሌቱ ግን መሬት ላይ ይቀራል። ጥፋቱ የጫማዬ ነው፣ የፔዳሉ ነው ወይስ የእኔ? ይህ ነገር ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? የተራራ ብስክሌቴንስ ፔዳል አብሬ መቀየር ይገባኛል?

ባለ ሃያ ኢንች (ባርሴሎና)

ወንድሜ ዐለት ወዳድ፣ በቅድሚያ እጅህ እንኳን ዳነልህ።

ጥፋቱ የጫማህም የፔዳልህም አይደለም፤ ጥፋት ብዬ ልጠራውም አልፈልግም። ለስምንት ዓመት ያህል ብስክሌቱን ያነሣልህ የነበረው ያ ትንሽ ብረት ነው። እግርህን ወደ ላይ በሳብክ ቁጥር ብስክሌቱ አብሮ ይመጣ ስለነበር፣ እግርህ ሌላ መንገድ እንዲፈልግ የሚያስገድደው ነገር አልነበረም። አሁን ብረቱ ሲወገድ የጎደለው ችሎታ ታየ።

ችሎታው የሚከተለው ነው። ጠፍጣፋ ፔዳል ላይ ያለ እግር ብስክሌቱን ወደ ላይ አይስብም፤ ወደ ኋላ ይገፋዋል። ፔዳሉ በዘንጉ ላይ በነጻ የሚዞር በመሆኑ፣ የጫማህን አፍንጫ ወደ መሬት ስታዘነብል የፔዳሉም ፊት አብሮ ያዘነብላል፣ ውስጥ እግርህም የሚገፋው ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላም ይሆናል። በዚያው ቅጽበት እጆችህ መሪውን ወደ ፊት ከገፉ ብስክሌቱ በእጅህና በእግርህ መካከል ተጨምቆ ይያዛል፤ ሰውነትህ ወደ ላይ እየሄደ ስለሆነም ጉልበትህን ወደ ደረትህ ስታጥፍ ብስክሌቱ ይከተልሃል። እጀታ የሌለውን እንስራ በሁለት መዳፍ ግራና ቀኝ ተጭኖ እንደ ማንሣት ነው፤ እንስራውን የሚያነሣው ከሁለት ወገን የሚመጣው ግፊት ነው። በአንድ ወገን ብቻ ብትገፋ ይንሸራተታል፤ አንተም የገጠመህ ይኸው ነው።

ስለዚህ ለጊዜው መዝለልን ተወው። ሜዳ ላይ እንደ ሰው እርምጃ ቀስ ብለህ እየሄድክ ሁለቱን ፔዳሎች በአንድ ከፍታ አስተካክል፣ ጉልበትህን እጠፍ፣ ከዚያም አፍንጫውን አዘንብለህ ወደ ኋላና ወደ ላይ እንደ መጥረግ አድርግ። የኋላው ጎማ አንድ ጣት ያህል ከተነሣ ይበቃል። የፊቱን ጎማ ማንሣት ለብቻው ተለማመድ፤ እርሱ በክንድ ጉልበት የሚደረግ አይደለም፣ ዳሌህን ወደ ኋላ ወርውረህ ክንድህን ዘርግተህ የምታደርገው ነው። ሁለቱ ለየብቻ ከበሰሉ በኋላ አገናኛቸው። አገናኝቶ መለማመድ የቸኮለ ሰው ሁሉ ሁለቱንም አበላሽቶ ይማራል፤ ይህን የምለው በእኔም ስለደረሰ ነው።

ይህ ስፖርት ከሞተር ብስክሌት ትራያል የተወለደ ነው፤ እኔ በምኖርበት በካታሎንያም ሥሩ ጥልቅ ነው። ከልጅነቱ ጀምሮ በብስክሌት ድንጋይ መውጣት የተማረው ኦት ፒ የዚሁ አገር ሰው ሲሆን፣ በተደጋጋሚ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል። የፉክክሩ ሕግ ራሱ ስለ ፔዳልህ ይናገራል። በቀደመው የነጥብ አያያዝ እግሩን አንድ ጊዜ መሬት ያስነካ ሰው አንድ የቅጣት ነጥብ ይያዝበት ነበር፤ አምስት ከሞላ ያ የውድድሩ መሰናክል ክፍል አመለጠው ማለት ነው። ልምድ የሌለው ሰው «እግር መሬት መንካት ቅጣት ከሆነ መቆለፉ አይሻልምን?» ብሎ ያስባል። ነገሩ ግን ተቃራኒ ነው፤ አንድ እግር በፍጥነት መሬት አስነክቶ መቀጠል አንድ ነጥብ ሲያስከፍል፣ እግሩ ያልወጣለት ሰው ከነብስክሌቱ ወድቆ አምስቱንም ይከፍላል። ልምምድ ላይ ደግሞ ቁጥሩ ከዚህ ይብሳል። አንድን ዝላይ እስክንማር ድረስ በአንድ ከሰዓት በኋላ መቶ ጊዜ ከብስክሌቱ ላይ ወደ ኋላ እንወርዳለን፤ መውረዱ ራሱ የስፖርቱ ግማሽ ነው።

ዳገት ወጪ (ዴንቨር)

ለሁለታችሁም አክብሮቴን እየገለጽኩ የተለየ ሐሳብ ማቅረብ እፈልጋለሁ።

ተቆላፊ ፔዳል ችሎታን ያጠፋል የሚለው አባባል በየቦታው ይደጋገማል፤ እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀበለውም። ረጅም የተራራ ውድድር የምነዳ ሰው ነኝ። አራትና አምስት ሰዓት በሥርና በድንጋይ በተሞላ ዳገት ላይ ስትነዳ እግርህ በየመንቀጥቀጡ ከፔዳሉ እንዳይነሣ ማድረግ ትልቅ ነገር ነው። እግሬ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ያርፋል፣ ጉልበቴም በአንድ መስመር ይሠራል። ከዚህም በላይ ተቆላፊው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ኤስኤች 51 የሚባለው የጫማ ብረት የሚለቀው ተረከዝ ሲጠመዘዝ ብቻ ሲሆን፣ ኤስኤች 56 የሚባለው በሌላ አቅጣጫም፣ እግር በኃይል ወደ ላይ ሲመዘዝ ጭምር ይለቃል። የፔዳሉ ምንጋጋ ምን ያህል እንደሚጠብቅም በትንሽ ብሩጎላ ይስተካከላል። ዐለት ወዳድ ሁሉን ነገር ጥሎ እንደ ጀማሪ ከመነሣቱ በፊት ብረቱን ቀይሮ፣ ምንጋጋውን አላልቶ ለምን አይሞክርም?

ባለ ሃያ ኢንች (ባርሴሎና)

ወንድሜ ዳገት ወጪ፣ ስለ ረጅም ውድድር የተናገርከው ትክክል ነው፤ አልከራከርህም። በትራያልስ ግን ማላላቱ ሌላ ችግር ያመጣል።

ወደ ጎን ስንዘል በኋላ ጎማ ላይ ቆመን፣ የኋላ ፍሬን ይዘን፣ ዳሌያችንንና ትከሻችንን አጥብቀን እንጠመዝዛለን። ያ ጠመዝማዛ እንቅስቃሴ ወደ ተረከዝ ይወርዳል። ምንጋጋው የላላ ከሆነ እግር በአየር ላይ፣ ባልተፈለገበት ቅጽበት ይለቃል፤ የጠበቀ ከሆነ ደግሞ በተፈለገበት ቅጽበት አይለቅም። ጫማህ የሚለቅበት እንቅስቃሴ ከምትዘልበት እንቅስቃሴ ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ የትኛውም መጠን ትክክለኛ ሊሆን አይችልም። ኤስኤች 56 ሲጨመርበት ደግሞ ወደ ላይ መሳብም መልቀቂያ ሆነ ማለት ነው፤ ዐለት ወዳድ ግን ብስክሌቱን ያነሣ የነበረው ወደ ላይ በመሳብ ነው።

ሌላው ነገር ደግሞ አብዛኛው የትራያልስ እንቅስቃሴ ሲታይ መሳብ የሚባል ነገር የሌለበት መሆኑ ነው። በኋላ ጎማ ቆሞ ወደ ፊት መዝለልን ውሰድ። ፍሬኑን ለቅጽበት ትለቅቃለህ፣ በፊተኛው እግርህ የፔዳሉን ዙር ሩብ ያህል ትረግጣለህ፣ ዳሌህን ወደ ፊት ትወረውራለህ፣ ስታርፍም ፍሬኑን መልሰህ ትይዛለህ። ሥራው ሁሉ መርገጥ ነው። ስትሳሳት ግን ብስክሌቱ ከሥርህ ወደ ፊት ያመልጣል፣ አንተም ወደ ኋላ በሁለት እግርህ ማረፍ አለብህ። ያን ጊዜ ተረከዝ ለመጠምዘዝ የሚበቃ ጊዜ የለም።

የእንጦጦ ነፋስ (አዲስ አበባ)

ጤና ይስጥልኝ። ከእናንተ ልምድ በጣም ያነሰ ልምድ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ሆኖም ውይይቱን በጉጉት እየተከታተልኩ ነው።

እኔ የምነዳው ተራ የተራራ ብስክሌት ነው። ብዙውን ጊዜ እንጦጦ ላይ ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ ውስጥ እነዳለሁ፤ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከጓደኛዬ ጋር ሆነን ድንጋይና ግንድ ላይ መዝለልን እየተለማመድን ነው። ተቆላፊ ፔዳል ኖሮኝ አያውቅም። ብስክሌቱ ሲገዛ አብሮት የመጣው ፕላስቲክ ፔዳል ነው፤ በክረምት ቀዩ ጭቃ ሲይዘው ደግሞ ሳሙና የተቀባ ያህል ያንሸራትታል። ባለፈው ሐምሌ እግሬ ሾልኮ ቅልጥሜን በክፉ መታኝ። ጫማዬ ጥርሱ የጎላ የመሮጫ ጫማ ነው። የማገኘው ገንዘብ ውስን ስለሆነ አስቀድሜ መቀየር ያለብኝ ጫማውን ነው ወይስ ፔዳሉን?

ኪያቬ (ቴል አቪቭ)

ለእንጦጦ ነፋስ ልመልስ። በብስክሌት ጥገና ቤት ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ፤ ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ይመጣልኛል።

አስቀድመህ ጫማውን ቀይር። የመሮጫ ጫማ ሁለት ጉድለት አለበት። አንደኛ፣ ጥርሱ የጎላ በመሆኑ ፔዳሉን የሚነካው የጥርሱ ጫፍ ብቻ ነው፤ የፔዳሉ ሹሎችም (ፒኖቹም) በጥርሶቹ መካከል ባለው ባዶ ቦታ ስለሚገቡ አይነክሱም። ሁለተኛ፣ ከተረከዙ በታች ያለው ስፖንጅ ወፍራምና ለስላሳ በመሆኑ ስትረግጥ ጉልበትህን ይበላዋል፣ እግርህም ፔዳሉ የት እንዳለ አያውቅም። የሚያስፈልግህ ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ፣ ላስቲኩ ለስላሳ፣ መካከሉ ግን የማይታጠፍ ጫማ ነው። ለዚህ ሥራ ስሙ የሚነሣው ፋይቭ ቴን ነው፤ በ1985 የዐለት መውጫ ጫማ በመሥራት የጀመረ ኩባንያ ሲሆን፣ አዲዳስ በ2011 ገዝቶታል። ዐለት ላይ እንዲጣበቅ የተሠራው ላስቲክ ፔዳል ላይም እንዲሁ ይጣበቃል። ነገር ግን ይህን ካላገኘህ ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ ሸራ ጫማ ከመሮጫ ጫማህ እጅግ ይሻልሃል። በውስጡ ጠንከር ያለ ሶል ጨምርበት።

ወደ ፔዳሉ ስንመጣ፣ ፕላስቲክ መሆኑ ብቻውን ነውር አይደለም። ጥሩ የናይለን ፔዳል አለ፤ ድንጋይ ሲመታው አይጎብጥም፣ ዋጋውም ዝቅተኛ ነው። ወሳኙ ነገር ብረት ፒኖች ያሉት መሆኑ ነው። ከፔዳሉ ጋር አንድ ላይ የተቀረጸ የፕላስቲክ ፒን በጥቂት ወር ውስጥ ይዶለዱማል። በብሩጎላ የሚፈታ ፒን ከሆነ ሲሰበር ትቀይረዋለህ፣ ሲረዝምብህም ታሳጥረዋለህ። ሌላው የምትመለከተው ነገር ፔዳሉ መካከሉ ጎድጎድ ያለ መሆኑን ነው፤ ከዳር ያሉት ፒኖች ከመካከሉ ከፍ ሲሉ ውስጥ እግር እንደ ሳህን ውስጥ ያርፋል።

ስትፈታም ተጠንቀቅ። የግራው ፔዳል የብሎን ጥርስ የተገላቢጦሽ ነው፤ በዚህ ምክንያት ስንቱ ሰው ሊፈታ ብሎ አጥብቆ አበላሽቶታል። እኔ ለተማሪዎቼ የምነግራቸው አጭር መንገድ አለ። ኪያቬውን ወደ ላይ አቁመው፤ ከዚያ በየትኛውም ወገን ብትሆን ጫፉን ወደ ኋላ ጎማ ስትገፋው ይፈታል፣ ወደ ፊት ጎማ ስትገፋው ይጠብቃል። አብዛኛው 15 ሚሊ ሜትር ኪያቬ ይፈልጋል፤ አንዳንዱ ከውስጥ በኩል በ6 ወይም በ8 ብሩጎላ ይፈታል። ስታስር ጥርሱን ግራሶ ቀባ፤ ያለ ግራሶ የታሰረ ፔዳል ከዓመት በኋላ ከታሰረበት የብስክሌቱ ክንድ ጋር ይጣበቅና የሚፈታው ይጠፋል። መጀመሪያ በጣትህ አዙረህ አስገባው፤ በጣት ካልገባ ጠምሞ ገብቷልና በኪያቬ አታስገድደው።

ለዐለት ወዳድ ደግሞ አንድ ቃል ልጨምር። የትራያልስ ሰዎች ብዙዎቹ ሰፊውን ባለ ፒን ፔዳል ትተው ዙሪያውን ጥርስ ያለው ቀጭን ብረት የተቀጸለበትን፣ መካከሉ ክፍት የሆነውን የሚመርጡት በምክንያት ነው። ቀላል ነው፤ ጭቃ አይዝም፤ ፔዳሉ ድንጋይ ላይ ሲያርፍም የሚሰበር ፒን የለውም። ጉዳቱ ደግሞ ጥርሱ ቅልጥም ላይ ሲያርፍ እንደ መጋዝ መሆኑ ነው።

ጸደይ (ሽቱትጋርት)

ኪያቬ ቅልጥምን ካነሣህ ዘንድ እኔም የምለው አለኝ። በሙያዬ ነርስ ነኝ፤ ትራያልስ የጀመርኩት ከሁለት ዓመት በፊት ልጄን ወደ ክለብ ሳመላልስ ቆሜ ማየት ሰልችቶኝ ነው።

የቅልጥም መከላከያ ሳያደርጉ ከተቆላፊ ወደ ጠፍጣፋ ፔዳል መሸጋገር ትክክል አይደለም። የእግር ኳስ ተጫዋቾች የሚያደርጉት ይበቃል፤ ሆኖም ባትንም የሚሸፍን ቢሆን ይመረጣል፣ ምክንያቱም ወደ ኋላ ሲወርዱ ፔዳሉ ዞሮ የሚመታው ባትን ነው። የፒን ቁስል ከላይ ሲታይ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ጠባብና ጥልቅ ስለሚሆን አፈርና ዝገት ከውስጡ ይቀራል። በሚፈስ ንጹሕ ውኃና በሳሙና በሚገባ መታጠብ አለበት፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁ ጊዜው አልፎ እንደሆነም አረጋግጡ። ለእንጦጦ ነፋስም ይህን ስለ ባለፈው ሐምሌ ቁስል ብዬ ነው የምጠይቀው፤ ክትባቱን ወስደህ ነበር?

ሁለተኛው ነገር ፍርሃት ነው። ዐለት ወዳድ ስለ ቴክኒኩ በዝርዝር ጽፈሃል፤ ከስብራቱ በኋላ ስለ መፍራትህ ግን ምንም አልጻፍክም። እኔ የወደቀ ሰው በየቀኑ አያለሁ፤ እጁ የዳነ ሰው ሰውነቱ ገና አልዳነም። ከስብራት በኋላ ሰው ሳያውቀው ክብደቱን ወደ ፊት ያደርጋል፣ ክንዱንም ያደርቃል። በጠፍጣፋ ፔዳል ደግሞ ክብደቱ ወደ ፊት የሆነ ሰው የኋላውን ጎማ ማንሣት ቀላል ስለሚሆንለት የተማረ ይመስለዋል፤ የፊቱን ጎማ ግን በፍጹም አያነሣም። በክለባችን ያሉት አሠልጣኝ ለጀማሪ የሚሰጡት የመጀመሪያ ትምህርት መውረድ ነው። ሣር ላይ የፊቱን ጎማ ሆን ብለን ከሚገባው በላይ እናነሣለን፣ ብስክሌቱ ወደ ፊት እንዲያመልጥ እናደርጋለን፣ እኛም መሪውን እንደያዝን በሁለት እግራችን ከኋላ እናርፋለን። እኔ ይህን ሃምሳ ጊዜ ያህል ካደረግሁ በኋላ ከውስጤ አንድ ነገር ሲለቅ ተሰማኝ። ከዚያ በፊት በብሬክ ላይ የሚንቀጠቀጡት ጣቶቼ ጸጥ አሉ።

ዐለት ወዳድ (ሸፊልድ)

እህቴ ጸደይ፣ ያልጻፍኩትን ስላነበብሽልኝ አመሰግንሻለሁ። እውነት ነው፤ እፈራለሁ። ያ ድንጋይ ባለበት መንገድ ማለፍ ትቼ ነበር።

ሁላችሁም የሰጣችሁኝን ምክር ይዤ ልለማመድ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ያገኘሁትን እጽፋለሁ።

የእንጦጦ ነፋስ (አዲስ አበባ)

እህቴ ጸደይ፣ አልወሰድኩም ነበር፤ ትናንት ጤና ጣቢያ ሄጄ ወስጃለሁ። ጋሼ ኪያቬ፣ ሥሩ ጠፍጣፋ የሆነ ሸራ ጫማ አገኘሁ። በአሮጌው ፔዳል ላይ እንኳ ልዩነቱ ታይቶኛል። ፔዳሉን በሚቀጥለው ወር እገዛለሁ።

ዐለት ወዳድ (ሸፊልድ)

ሰባት ሳምንት አለፈ፤ ቃሌን ለመፈጸም ተመልሻለሁ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ሣር ላይ መውረድን ብቻ ተለማመድኩ። ከሥራ በኋላ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ያህል፣ አንዳንድ ቀን በዝናብ ጭምር ማለት ነው። በሦስተኛው ሳምንት የኋላውን ጎማ ማንሣት ጀመርኩ። ባለ ሃያ ኢንች ስለ እንስራው የሰጠኝ ምሳሌ ለብዙ ቀን አልገባኝም ነበር፤ እግሬ ይጠርግ ነበር፣ እጄ ግን መሪውን ወደ ራሴ ይስብ ነበር። አንድ ማታ ምን እንደማደርግ ሳላስብ መሪውን ወደ ፊት ገፋሁትና የኋላው ጎማ ያለ ምንም ድካም ተነሣ። ድምፁ እንኳ የተለየ ነበር፤ ጫማዬ ከፔዳሉ ላይ የሚነቀልበት «ጭር» የሚል ድምፅ ጠፋ። ያኔ ነው ለካ ስምንት ዓመት ሙሉ እጄም ሥራውን እንዳልተማረ የገባኝ። እግሬ ሲሳብ ብስክሌቱ ስለሚነሣ፣ እጄ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠይቆ አያውቅም።

ስለ እግር አቀማመጥም የተማርኩትን ልጻፍ፤ ይህን የጠየቀ ስለሌለ ምናልባት ሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል። በተቆላፊ ፔዳል ብረቱ የታሰረበት ቦታ እግርን ስለሚወስን፣ የፔዳሉ ዘንግ ሁልጊዜ ከአውራ ጣቴ ሥር ካለው አጥንት በታች ነበር። ወደ ጠፍጣፋው ስሸጋገር በተራራ ብስክሌት ነጂዎች ምክር እግሬን ወደ ፊት አስረዝሜ በውስጥ እግሬ መካከል መቆም ጀመርኩ። ከድንጋይ ላይ ስወርድ ይህ መልካም ነበር፤ በኋላ ጎማ ላይ ስዘል ግን ቁርጭምጭሚቴ የሚወነጨፍበት ቦታ አጣ። አሁን ዘንጉን ከዚያ አጥንት ትንሽ ወደ ኋላ አድርጌ እቆማለሁ፤ ቁርጭምጭሚቴ ይሠራል፣ ባቴም ቶሎ አይዝልም። ስወርድ ተረከዜን ዝቅ አደርጋለሁ፣ ስነሣ አፍንጫውን አዘነብላለሁ፤ በሁለቱ መካከል ያለው ለውጥ በተቆለፈ ጫማ ጊዜ ያላወቅሁት ነገር ነው።

ከፍታዬ አሁን ሁለት ጡብ ተደራርቦ የሚያህል ነው። በተቆላፊው ከነበረኝ ግማሹ እንኳ አይሆንም። ግን ሁለቱም ጎማዎች እኩል ያርፋሉ፤ ዱሮ የኋላው ሁልጊዜ ቀድሞ ይመታ ነበር። ባለፈው እሑድ ወደዚያ ድንጋይ ሄጄ ነበር። ላዩ ላይ ወጥቼ በኋላ ጎማ ቆምኩ፤ አልዘለልኩም፣ ወደ ኋላ ሁለት ጊዜ ወረድኩና ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ባለ ሃያ ኢንች (ባርሴሎና)

ይህን በማንበቤ ልቤ ተደስቷል። አንድ ማረሚያ ብቻ ልስጥህ። ቁመትን በጡብ አትለካ፤ ጡብ ሲመታ ይንከባለላልና እንደገና ያወድቅሃል። ሁለት የፕላስቲክ ጠርሙስ አቁመህ በላያቸው ቀጭን በትር አጋድም፤ ሲነካ ይወድቃል፣ አንተን ግን አይጥልህም። በየሳምንቱ ከሁለት ጣት በላይ አትጨምር።

ስለ ተራራ ብስክሌትህ መጀመሪያ ላይ የጠየቅኸውን ሳልመልስልህ ቀርቻለሁ። ቢያንስ ለሦስት ወር ሁለቱንም በጠፍጣፋ ንዳ። እግር ቅዳሜ አንድ ነገር፣ እሑድ ሌላ ነገር እየተነገረው አይማርም። ከዚያ በኋላ ለረጅም መንገድ ወደ ተቆላፊው ብትመለስ የምታጣው ነገር የለም።

ዳገት ወጪ (ዴንቨር)

በዚህ ክር ላይ የተቃወምኩት እኔ ስለሆንኩ የሆነውን መናገር አለብኝ። ከጎረቤቴ ጠፍጣፋ ፔዳል ተውሼ ሁለት ሳምንት ነዳሁ። የመጀመሪያው ቀን ሥር ባለበት ዳገት ላይ እግሬ አራት ጊዜ ከፔዳሉ ተነሣ። ያኔ ያስተዋልኩት፣ ድካም ሲሰማኝ ጉልበቴን ቆልፌ ኮርቻው ላይ እንደምቀመጥና መንቀጥቀጡን ሁሉ ማሰሪያው ይሸከምልኝ እንደነበረ ነው። ለውድድር ተቆላፊውን አልተውም፤ በዚህ ሐሳቤ ጸንቻለሁ። የክረምቱን ልምምዴን ግን በጠፍጣፋ ለማድረግ ወስኛለሁ፣ የራሴንም ፔዳል አዝዣለሁ።

የእንጦጦ ነፋስ (አዲስ አበባ)

ፔዳሉን ገዛሁ፤ ናይለን ነው፣ በየፊቱ አሥር ብረት ፒን አለው። ጋሼ ኪያቬ እንዳሉት ግራውን ወደ ኋላ ጎማ ገፍቼ ፈታሁት፤ ጓደኛዬ በተቃራኒው ሊያዞረው ሲል አስቆምኩት። አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ቀኙ በጣት ያለ ችግር ገባ፤ ግራው ግን ሁለት ዙር ከገባ በኋላ ይጠብቃል። በኪያቬ ልቀጥል?

ኪያቬ (ቴል አቪቭ)

አትቀጥል። መልሰህ አውጣውና የክንዱን ጥርስ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽና በጥቂት ነጭ ጋዝ እጠበው፤ አብዛኛውን ጊዜ የደረቀ ጭቃ ነው። ካጸዳህ በኋላ ግራሶ ቀብተህ፣ ብስክሌቱን በጎኑ አስተኝተህ ፔዳሉን ቀጥ አድርገህ ከላይ ወደ ታች በጣትህ አስገባው። አሁንም ከሁለት ዙር በኋላ ከያዘህ ጥርሱን በቅርብ ፎቶ አንሥተህ እዚህ ላክልኝ፤ ሳላየው አንዲት ዙር እንኳ እንዳትጨምር።